የትልቁ ቴሌቪዥን ነገር

በላይነሽ፣
ቁልፉ ጎረቤት ነው። ውሃ ሻጩ ሲመጣ በርሜሉን አስሞይው።

ትንሹ ቴሌቪዥን ይበቃናል ብዬ ስጨቀጭቅሽ የከረምሁት፣ ልታይ ልታይ ያልሽ መስሎኝ ነው። «ራቡን ሸሽተው ከመጡት መሃል እናቴን በዜና አየኋት፣ በትንሹ ግን ፊት አይለይም» ስትይኝ ሳቅሁብሽ።

ትናንት ሱቁ ሄጄ ትልቁን አስከፈትሁት። ያችኑ ሴትዮ ደግመው አሳዩዋት። ፊቷ ከስቶ በትልቁም አይለይም። የአንገቷ ንቅሳት ግን በግራ በኩል ሳያልቅ የቀረ ነው።

የእናትሽ ንቅሳት ሙሉ መሆኑን ነግረሽኛል። መርፌውን ፈርታ ከነቃሿ እጅ ያመለጠችው የእኔዋ ናት።

የማሽላ ሎሪ አግኝቼ ወደ መጠለያው ሄጃለሁ። የእናትሽንም ስም እየጠራሁ እጠይቃለሁ።

ለቴሌቪዥኑ ያዋጣሁት ከትራስሽ ስር አለ።
ትልቁን ግዢው።

ፋናዬ