ቃሬዛችን ሳይመለስ ስላለፈው ጤና ጣቢያ

ለተከበሩ የወረዳችን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የቢሮዎ ወንበር ወገብዎን፣ የጥር ውርጭም ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ቢሆኑ በየት በኩል ዞረው ሆስፒታል እንደሚደርሱ ከእርስዎ በቀር በትክክል የሚያውቅ ሰው በወረዳው ስለሌለ ነው።

ስሜ መክሊት ይሻው ይባላል፤ ገሳይ ላይ መምህርት ነኝ። አባቴን አቶ ይሻው አያሌውን በደንብ ያውቋቸዋል። ጉና ሥር ባለችው ቀበሌያችን ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በየማኅበሩና በየለቅሶው እየቆሙ፣ ገበሬውን የጤና መድን አባል ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የአገሬው ሰው እርስዎን በመልክም አያውቅዎትም፤ መዋጮውን የከፈለው አባቴን አምኖ ነው። ለዚህ ድካማቸው ካቻምና በእጅዎ የሰጧቸው የምስክር ወረቀት ከቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ቀጥሎ ተሰቅሏል። ውለታዎ ብዙ በመሆኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ባለፈው ኅዳር አባቴ ገብስ ሲከምሩ ከክምሩ ጫፍ ወድቀው ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ፤ አጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ጎረቤቱ ተጠራርቶ በቃሬዛ አነሳቸውና ወደ መኪና መንገዱ ሽቅብ ተጓዘ። ወንድሜ አንዱአምላክ ግማሽ መንገድ ላይ የሪፈር ወረቀቱ ትዝ አለው። ወረቀቱን የሚጽፈው ጤና ጣቢያ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከቤታችን ቁልቁል የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። «እንመለስ» ቢል የቃሬዛው መሪ አቶ ጥላዬ «አንተ ልጅ፣ ይሻውን በቁሙ ልትቀብረው ነው? ቃሬዛ አይመለስም!» ብለው ተቆጡት። ክቡርነትዎ ወንበሩ አስረስቶዎት ካልሆነ በቀር፣ በእኛ አገር በሽተኛ ይዞ የወጣ ቃሬዛ ሰውየው እስካልሞተ ድረስ ፊቱን ወደ ቤት አያዞርም። ሃያ ገበሬ የአያቶቹን ሥርዓት ሲጠብቅ የእርስዎን መመሪያ ጣሰ። ስለ ጥፋታቸው ሁሉንም ወክዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ እግሩ በብረት ተጠግኖ እንደሚድን፣ ነገር ግን ቀን ሊሰጠው እንደማይገባ ነገሩን። ያለ ሪፈር ወረቀት መድኑ አይከፍልም ስለተባልኩ በማግስቱ ከቢሮዎ መጣሁ፤ ወንበር ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። አደጋው ድንገተኛ ነው ብዬ ብለምንዎ፣ ድንገተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ጤና ጣቢያው እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ጤና ጣቢያ ብወርድ ነርሷ «ያላየሁትን በሽተኛ እንዴት አድርጌ ልላክ? ይምጡና ልያቸው» አለችኝ። እሷን አልወቅሳትም፤ የታዘዘችውን ነው ያለችው። የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል እንዲሉ፣ ተመልሼ ከእርስዎ ቢሮ መጣሁ። «እንግዲያው ይውሰዷቸው» አሉኝ።

3ኛ. ወሰድናቸው። በአራተኛው ቀን መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በኋላ በቃሬዛ። ያው ሰዎች ተሸከሟቸው፤ አቶ ጥላዬ ግን እንጨቱን አልነካም ብለው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ከኋላ ተከተሉ። ወደ ጤና ጣቢያው የሚያወርደው መንገድ በሰፈራችን መሀል ያልፋልና፣ ቃሬዛው ሲመለስ ያየ ሁሉ ያየውን አመነ። ሴቶቹ እዬዬ አሉ። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ ወጡና መሬት ላይ ወድቀው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ያን ጊዜ አባቴ ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው «አለሁ፣ አለሁ፤ ወረቀት ፍለጋ ነው» አሉ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወት ያለ ሰው የራሱን ለቅሶ እንዲሰማ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እርስዎ ግን አንድ ጣትዎን እንኳ ሳያነሱ ፈጽመውታል።

4ኛ. ወረቀቱ በአሥር ደቂቃ ተጻፈ። አባቴን ወደ ሆስፒታል መልሰን ወረቀቱን ይዤ ከቢሮዎ ብመጣ ግን በሪፈሩ ላይ ያለው ቀን ከሆስፒታሉ ካርድ በአራት ቀን እንደሚዘገይ አስተዋሉ፤ ለዓይንዎ ጥራት እግዚአብሔር ይመስገን። ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቅረብ ተባለ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ አንዱአምላክ አንዱን በሬ ሸጦ ብረቱን ገዛ። ብረቱ በደረሰ ዕለት ሐኪሙ ቁስሉን ፈትቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። የአባቴ እግር ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ብረቱ ዛሬም በፌስታል እንደተጠቀለለ ቤታችን አለ፤ የቀረው አንድ በሬ ብቻውን አያርስም።

5ኛ. ይህኛው ትልቁ ምስጋናዬ ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ በሰጠው ውሳኔ መድኑ የሚሸፍነው ከሪፈሩ ቀን ወዲህ የተደረገውን ሕክምና እንደሆነ ተገልጾልናል። ስለዚህ እግሩን ለማዳን የወጣው ሁሉ በእኛ፣ ለመቁረጥ የወጣው ሁሉ በእርስዎ ሆነ። አባቴ ለስምንት ዓመት ያለማቋረጥ ያዋጡት በከንቱ አልቀረም።

ከዚህ በላይ የምለምንዎት ነገር የለኝም። እግር በይግባኝ አይመለስም፤ ይህን ደብዳቤ አንብበው መመሪያውን ያስተካክላሉ ብዬም አላምንም። ተናድጃለሁ፣ ተስፋም ቆርጫለሁ፤ ሌላ የተሻለ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም። አባቴ ቀኑን ሙሉ መደብ ላይ ተቀምጠው ያንን የምስክር ወረቀት ያያሉ። ላወርደው ብነሳ ከለከሉኝ። በእርስዎ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

የመመሪያዎን ፊደል ሁሉ በአባቷ አካል ላይ ያነበበችው፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሁለት ጤነኛ እግርና በቀኑ የተጻፈ ሪፈር የምትመኘው፣

መክሊት ይሻው

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከቢሮዎ ለአባቴ የተላከ ደብዳቤ ደረሰን። የዘንድሮው የአባልነት እድሳት ስለተጀመረ «እንደ ወትሮው ቤት ለቤት እየዞሩ» ሕዝቡን እንዲቀሰቅሱ ይጠይቃል። አነበብኩላቸው። እሳቸውም «ጥላዬን ጥሪልኝ፤ በቃሬዛ ያዙረኝ» አሉ። ስለዚህ ጥሪዎን ተቀብለዋል። የአገሩ ሰው «ይሻው፣ ዘንድሮስ እንክፈል ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ምን ብለው እንዲመልሱ እንደሚፈልጉ ግን ፈጥነው በጽሑፍ ቢያሳውቁን ይሻላል። አባቴ እስከ ዛሬ ለአገሩ ሰው ዋሽተው አያውቁም።