እህቴ ናት በላቸው

ወንድሜ፣

ከሆስፒታል ደወሉ። እማዬ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም፣ ቤተሰብ መጥቶ ይፈርም አሉ።

ባትሪ ገዝቼ መጣሁ ብለህ እንደወጣህ ቀረህ። እንዳልደውልልህ ስልክህ እዚሁ ተገትሮ ፊልም ይቀርጻል። ማጥፊያውን አላወቅሁትም። ስጮህ ብታይ ትወና እንዳይመስልህ።

ያንን በፊልምህ ከሰማይ ወርዶ ከፖሊስ ጋር የሚታኮስ አረንጓዴ ጉድህን ልብስ አለበስከኝ። ዚፑ ካሜራ ላይ ይታያል ብለህ ደግሞ ከነጭንቅላቱ በጀርባዬ ሰፍተህ ዘጋኸኝ። በገዛ መርፌዬ! በሦስት የስፖንጅ ጣት መቀስ መያዝ አቃተኝ። ይሄንንም እስክሪብቶውን በጡጫዬ ጨብጬ ነው የምጽፈው። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ ከነአረንጓዴዬ ወጣሁ። ታክሲ ከሸሸኝ በእግሬ እሮጣለሁ።

ምድጃውን አጥፍቻለሁ። ቁልፉ ምንጣፉ ስር ነው።

ጠዋት ፊልምህ ገደል ይግባ ያልኩህ...
ተወው፣ አሁን ጊዜ የለኝም።

ይሄን እንዳየህ መቀሱን ይዘህ ድረስ። ልብስ ልቀይር እንዳትል። ይሄን ፊት ይዤ ልጇ ነኝ፣ እኔ ልፈርም ብል ማን ያምነኛል? ዘበኛውም በበሩ አያስገባኝ ይሆናል።

አንተ ናና እህቴ ናት በላቸው።