ገንዳው ያለበት ክፍል

ጥር 4
የመውለጃውን ገንዳ አጠብኩ። እናት አልገባችበትም፣ አቧራ ግን ገብቶበታል። ስድስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ስፈትገው... ወለል የሚወለውሉት እትዬ በር ላይ ቆመው አዩኝ። "ሲስተር፣ ልጅ ሳይወለድበት በመፋቅ አለቀ እኮ።" ሳቅኩ። እውነታቸውን ነው።

ጥር 7
ዋና ሐኪሙ አስጠሩኝ። በውሃ ውስጥ የወለደች አንዲት እናት እንኳ የለችም፣ ክፍሉ ለመጋዘን ይፈለጋል። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ልጅ ካልተወለደበት ይዘጋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሦስት ወር ይጨመርልኝ አልኩ።
"ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ሲስተር።"
ይህን ክፍል ለማግኘት ሦስት ዓመት ለምኛለሁ። ሌሎቹ አዋላጆች "ዋናተኛዋ" ይሉኛል። በፊት ያስቀኝ ነበር።

ጥር 12
አንዲት ፀጉር ሠሪ ለክትትል መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ቀኗ ደርሷል። ግፊቷም የልጁ አቀማመጥም ደህና። ግን ምጥ ትፈራለች፣ እህቷ ስታምጥ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ገንዳውን ሞልቼ አሳየኋት። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ነከረች። "እዚህ እወልዳለሁ" አለች።
አማቷ አብረው ነበሩ። "ልጁ ዓሣ ነው እንዴ?" ከውሃው እስኪወጣ አየር የሚያገኘው በእትብቱ እንደሆነ አስረዳሁ። "እኔ ስምንት ወልጃለሁ፣ አንዱንም ውሃ አልነከርኩም።"
"እማማ፣ የምወልደው እኔ ነኝ።"
ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ጥር 19
አልመጣችም። ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ተበላሽቶ ነበር፣ ተሠራ። ቀን እየቆጠርኩ ነው። ምጧ ቶሎ እንዲመጣ የምጸልየው ለእሷ ነው ወይስ ለክፍሉ?

ጥር 26
ጠዋት መጣች። ውሃው ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ በቴርሞሜትርም በክርኔም አየሁት። ስትገባ ትከሻዋ ወረደ። "ሲስተር... ፍርሃቱ የት ሄደ?" ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ቆየን። በምጥ መሃል ፀጉሬን አይታ፣ "ይሄን ማነው እንዲህ የቆረጠሽ? ይከሰስ" አለችኝ።
ከዚያ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። አረንጓዴ ነው። ልጁ ሆድ ውስጥ ሳለ ዓይነ ምድር ለቋል ማለት ነው፣ እንዲህ ከሆነ እናቲቱ መውጣት አለባት። ያየሁት እኔ ብቻ። የልብ ምቱ ደግሞ ደህና ነበር። ትንሽ ብቆይስ?... ዝም ብዬ ቆምኩ። ግማሽ ደቂቃ። ለማንም አልናገረውም፣ እዚህ ግን ይጻፍ።
"እህቴ፣ መውጣት አለብሽ።"
"ምን አጠፋሁ?"
አልጋ ላይ እንደወጣች የልጁ የልብ ምት ወረደ። በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ናት፣ ወዲያው አለቀሰች። ሁለቱም ደህና ናቸው። አማቷ እጄን ሳሙኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

ጥር 27
ገንዳው ውስጥ ስላልተወለደች አይቆጠርም። "ትክክል ነው የሠራሽው" አሉ ዋና ሐኪሙ። ወዲያው ስለ መደርደሪያ ማውራት ጀመሩ።

የካቲት 3
የመርፌና የጓንት ካርቶኖች ገቡ። መደርደሪያው አልበቃ ብሎ ገንዳውንም ሞሉት።

የካቲት 20
ዛሬ ማንም ዋናተኛዋ አላለኝም። ማዘናቸው ከስሙ ባሰብኝ።

መጋቢት 11
ክትባት ክፍል ተረኛ ነኝ። ፀጉር ሠሪዋ ልጇን አቅፋ መጣች፣ አርባ አምስት ቀኗ። ልጅቷ ወፍራለች።
"ሲስተር፣ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ውሃውን ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሳለሁ አልፈራሁም። ለሁለተኛው እስከ መጨረሻው አታስወጪኝም፣ አይደል?"
"አላስወጣሽም" አልኳት።
መርፌ አልቆ ነበር። "አንዴ ጠብቂኝ" ብያት ሄድኩና ከገንዳው ውስጥ አንድ ካርቶን አወጣሁ።