አውራ ጣትህ የቦረቦረው እጀታ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ የመጀመሪያው ጊፋታ አለፈ። ቤቱ እንደነበረ ነው፤ ወናፍህ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እማዬም ደህና ናት። የምጽፍልህ የበዓሉን ሥጋ ስለምትቆርጥበት ቢላዋ ነው። ለሌላ ሰው ብናገር ነገር የማጋንን መስዬ እታያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ለበዓሉ ላሰናዳው ብሎ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ብየዳ ቤት ወስዶ በግራይንደር አስሞረደው። በክፋት እንዳላደረገው አውቃለሁ። ሆኖም ጀርባው ላይ በመሮ የቀረጽከው የእንሰት ቅጠል ጠፍቷል። ከዚህ የከፋው ስለቱ ላይ የታየው ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ ጥንካሬውን እንደለቀቀ ያመለክታል። በግምት አልደመደምኩም፤ ሞረድ ሳስነካው በቀላሉ ተፋቀ። አንተ ከመኪና ባሌስትራ ብረት ቀጥቅጠህ እንዳወጣኸው፣ የምትስለውም በረጠበ ድንጋይ ብቻ እንደነበር ወንድሜ ያውቃል። ይህንኑ ስነግረው የመለሰልኝ፣ «እቴ፣ እንደ መስታወት አበራሁት እኮ» ብሎ ነው።

በበዓሉ ዕለት በአንተ ቦታ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጥሬ ሥጋ ሊቆርጥ ሞከረ። ቢላዋው ሥጋውን ጎተተው እንጂ አልቆረጠውም። ጎረቤቶች ዓይናቸውን ወደ ዳጣው መለሱ። በመጨረሻ ከሱቅ የተገዛ ቢላዋ ቀረበ፤ በአንተ ቤት፣ አባዬ።

ቦምቤ ያለ ብረት ቀጥቃጭ አይቶት፣ ስለቱን እንደገና አግሎ ውሃ ውስጥ በመንከር ሊያጠነክረው እንደሚችል ነገረን። ነገር ግን እሳቱ እንዳይበላው የቀንድ እጀታው መውለቅ አለበት፤ ቀንዱ ደግሞ በናስ ምስማር ስለተመታ ሳይሰነጠቅ አይወጣም። ተቃወምኩ። አውራ ጣትህ በዓመታት የቦረቦረው ጎድጓዳ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ለእኔ ጣት ይሰፋል። የሚቆርጥ ቢላዋ ሌላ ይገኛል፣ ይህ እጀታ ግን አይተካም ብዬ በዝርዝር አስረዳሁ። እማዬ ቢላዋውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «የማይቆርጥ ቢላዋ የአባትሽ አይደለም። ቦምቤ ውሰጂው» አለችኝ።

ክርክሬ ስህተት እንደነበረበት አሁንም አላምንም። ተሳስታለች ማለትም አልቻልኩም፤ ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። ቅዳሜ ቦምቤ እወስደዋለሁ። ቀንዱ ሲሰነጠቅ ፊቴን አላዞርም፤ ስብርባሪውንም እዚያ ትቼው አልመጣም። በሚመጣው ጊፋታ ሰው ሁሉ ስለቱን ያደንቅ ይሆናል። እኔ አዲሱን እጀታ በያዝኩ ቁጥር፣ ጣትህ የነበረበትን ቦታ እፈልጋለሁ።

ልጅህ