ከመድረሻው ስምንት መቶ ሜትር ሲቀር

ውድ ሲግኔ፣

ማክሰኞ ዕለት የአይቡ ካርቶን ደረሰኝ። አድራሻው የተጻፈው ግን በአባትሽ እጅ አልነበረም። ውስጡ ያስቀመጥሻትን ቁራጭ ወረቀት አነበብኳት፦ «አባዬ በጥቅምት አረፈ። ለብሪጅት መላክ እንዳትረሺ ብሎኝ ነበር።» ሌላ ምንም አልጻፍሽም። አይቡን መቁረጥ አልቻልኩም፤ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።

አባትሽ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየገናው ሳያጓድሉ የላኩልኝ፣ ልጃቸውን እንደ እህት የያዝኩላቸው መስሏቸው ነው። እንዳልያዝኩሽ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። አንቺ ማወቅሽን እርግጠኛ አይደለሁም ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖሬአለሁ።

ኮሌጅ የመጣሽበትን ቀን አስታውሳለሁ። ነሐሴ ነበር፣ ከአባትሽ ፒካፕ ላይ በጎማ ቦት ጫማ ወረድሽ። እኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪና የአገር አቋራጭ ቡድኑ አምበል ነበርኩ። በማግስቱ በቆሎ እርሻዎቹ መሃል ባለው ኮረኮንች አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጥን። አንቺ ስለ ላሞቻችሁ እያወራሽ፣ እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ። ልጆቹ ሊያሾፉብሽ ፈልገው፣ «ሩጫ የተማርሽው ላም ስታባርሪ ነው?» አሉሽ።

«ላሞቹማ ሰነፎች ናቸው» አልሽ። «ያስተማረኝ ኮርማው ነው። እያባረረኝ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም። ሦስት ዓመት ለፍቼ ያልደረስኩበት ቦታ አንቺ ገና ስትጀምሪ እንደቆምሽበት በዚያች ጠዋት ገብቶኝ ነበር።

በመስከረም የመጀመሪያ ውድድርሽ አምስተኛ ወጣሽ። በሁለተኛው ሁለተኛ። በጥቅምት መጀመሪያ፣ በዝናብና በጭቃ፣ ለዘጠኝ ዓመት የቆየውን የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብረሽ አንደኛ ስትገቢ ተከታይሽ ገና ዳገቱን እየወጣች ነበር። የከተማው ጋዜጣ ፎቶሽን አወጣው። አሰልጣኝ ብራንት ከዚያ ወዲህ ሌሎቻችንን ማየት አቆመ። «ይቺ ልጅ በሃያ ዓመት አንዴ ነው የምትገኘው» ይል ነበር፣ እኛ እየሰማን። አንድ ቀን ደግሞ ሰዓቱን እያየ፣ እንደዋዛ፣ «ሁለት ኪሎ ብትቀንሺ እኮ ማንም አይደርስብሽም» አለሽ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ወተትሽን ገፋ አደረግሽው። በወተት ያደግሽ ልጅ! ቀጥሎ ዳቦውን ተውሽ። ከዚያ ምሳውን ራሱን። አጠገብሽ ተቀምጬ ሳህንሽን እያየሁ ስለ ፈተና አወራሁልሽ።

የጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጆሮዬ ሥር መጥተሽ «ብሪጅት፣ ብሽሽቴ ላይ የሆነ ነገር አለ» አልሽኝ። «ስቆም ይለቀኛል፤ ስሮጥ እንደ ጥርስ ሕመም ነው።»

«ለወጌሻው ንገሪው።»

«ከነገርኩትማ ያስቀምጠኛል። ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። እንዳትናገሪ፣ እሺ?»

እሺ አልኩሽ። ቶሎ ነው ያልኩሽ። ለአንቺ አዝኜ አልነበረም። ኮሌጃችን ሀገር አቀፍ ሻምፒዮና ደርሶ አያውቅም፤ ያለ አንቺም አይደርስም። ለእኔ ደግሞ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር። ወጌሻችን ሚስተር ዴል፣ ያ ነገር የማያመልጠው ሰውዬ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ጠራኝ።

«አንቺ፣ ሲግኔ እያነከሰች ነው እንዴ?»

«ኧረ ጫማዋ አዲስ ሆኖባት ነው» አልኩት።

አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ? አምበል አንቺ ነሽ፤ አንቺን ነው የማምነው።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ይህን እስከዛሬ አታውቂም። አንቺ ዝም በይ ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ግን ዋሸሁ።

ማጣሪያው ዕለት መሬቱ በውርጭ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከሰባታችን አንዷ በጉንፋን ወድቃ ሆቴል ስለቀረች ስድስት ሆነን ተሰለፍን። አምስት ሰው ያላስገባ ቡድን እንደሌለ ይቆጠራል፤ ወደ ሻምፒዮናው የሚያልፉት ደግሞ ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው። መነሻው ላይ ግራ እግርሽን ደጋግመሽ ስታራግፊ አየሁሽ። «ደህና ነኝ» አልሽኝ፣ ሳልጠይቅሽ።

እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ሁለተኛ እንደነበርሽ ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ሠላሳ ምናምነኛ ሆኜ ሳንባዬ እየተቃጠለ ነበር። ከመድረሻው ስምንት መቶ ሜትር ሲቀር፣ የጥዶቹን መታጠፊያ ስዞር፣ ከፊት ያሉት ልጆች አንድ ነገር እየዘለሉ ወደ ጎን ሲሉ አየሁ። አንቺ ነበርሽ። መንገዱ መሃል በጎንሽ ወድቀሽ በክርንሽ ትሳቢያለሽ። ግራ እግርሽ መዞር በሌለበት አቅጣጫ ዞሯል። እዚያ ቦታ ተመልካች አልነበረም።

በዚያች ቅጽበት አእምሮዬ የሠራው ሒሳብ ነው። ሲግኔ ወደቀች፤ አምስት ቀረን። ከቆምኩ አራት። ሲግኔ፣ ያን ያህል ደክሜ ሒሳቡን አልተሳሳትኩም። በቀኝሽ በኩል አለፍኩ። ባለ ሚስማር ስፓይክ ጫማዬ እጅሽን እንዳይረግጥ እንኳ ተጠነቀቅኩ።

ሃያ ስድስተኛ ገባሁ። ሦስተኛውን ቡድን በሦስት ነጥብ በልጠን ሁለተኛ ሆነን አለፍን። ልጆቹ አቅፈውኝ ሲያለቅሱ አብሬ አለቀስኩ። ወደ አንቺ ቃሬዛ ይዞ የሄደው ሚስተር ዴል ነበር። ሲመለስ አንዴ አየኝና አለፈ። ከዚያ በኋላም አናግሮኝ አያውቅም።

ሐኪሞቹ የጭን አጥንትሽ ለሳምንታት ተሰንጥቆ እንደቆየ፣ ያን ዕለትም ለሁለት እንደተከፈለ ተናገሩ። ብሎን አስገቡልሽ። ሩጫ አበቃ አሉሽ፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሞላሽም ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ስመጣ አባትሽ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ላሞቹን ለጎረቤት ጥለው ሌሊቱን ነድተው። ሁለቱን እጆቼን በእነዚያ ሻካራ እጆቻቸው ያዙ።

«እሷ እህት የላትም» አሉኝ። «እናቷም ቀድማን ሄዳለች። ስትደውል የምታወራው ስለ አንቺ ነው። ተባረኪ፣ ልጄ።»

አባት ሲያመሰግን እንዴት ያቋርጡታል? አላቋረጥኳቸውም።

አንቺ ገርጥተሽ፣ ከንፈርሽ ደርቆ፣ «ስንተኛ ወጣን?» አልሽኝ።

«ሁለተኛ። አለፍን።»

«እሰይ» አልሽ። ከዚያ ፊትሽን ወደ መስኮቱ መለስሽ። «ማን ማን እንዳለፈኝ አላየሁም፣ ብሪጅት። ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር።»

ያን ቃል እንደ ምሕረት ተቀብዬ ወጣሁ። ሻምፒዮናው ላይ ከሠላሳ አንድ ቡድን ሃያ ሰባተኛ ወጣን። በቃ፣ ያ ነው። አንቺ ከገና በኋላ ጓዝሽን ጭነሽ ወደ እርሻችሁ ተመለስሽ፤ አሰልጣኝ ብራንት ሊሸኝሽ አልወጣም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ «በሃያ ዓመት አንዴ» ተባለች። እኔ በእሱ የድጋፍ ደብዳቤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝነት ተቀጠርኩ። ደብዳቤው ላይ «በወሳኝ ሰዓት ዓይኗን ከመስመሩ የማትነቅል» ብሎ ጽፎልኛል። ቃል በቃል።

አንዴ፣ ከአምስት ዓመት በፊት፣ የእርሻ መሣሪያ መደብር ውስጥ አየሁሽ። ጆንያ ተሸክመሽ፣ ግራ እግርሽን እየጎተትሽ ነበር። ከመደርደሪያ ኋላ ተደብቄ እስክትወጪ ጠበቅሁ። ይህንንም እወቂው።

እስካሁን ያየሁትንና ያደረግሁትን ነው የጻፍኩት። የሰማሁትን ገና አልጻፍኩም። ለአባትሽ መንገር ነበረብኝ፤ እሳቸው ሄዱ። ለአንቺ መንገር ግን አሁንም ይቻላል።

እዚያ መታጠፊያ ላይ ዓይንሽ አልጨለመም። በደንብ አየሽኝ። ስሜን ጠራሽ። መጀመሪያ ጮክ ብለሽ፣ ካለፍኩሽ በኋላ ደግሞ በቀስታ፣ ሰው አጠገቡ ያለን ሰው እንደሚጠራው። ነፋስ አልነበረም፣ ጩኸት አልነበረም። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አንቺ ማለብ ስትጨርሺ፣ በርሽ ላይ እሆናለሁ። ይቅር በይኝ ልልሽ አይደለም የምመጣው። ይህንኑ ፊትሽ ቆሜ በአፌ ልናገረው ነው። ካልከፈትሽልኝ መኪናዬ ውስጥ እስከ ማታ እቀመጥና እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ።

ጠርተሽኝ ያልቆምኩት፣
ብሪጅት