ማጅራቱን ለኔ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዓረብ አገር፣ ጉበይራ ሰፈር

ዛሬም ፀጉር ቤቴ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ድረስ ጭር ብሎ ዋለ። ሥራ ከቀዘቀዘ ወዲህ በየክፍሉ አብረው የሚኖሩት ያገሬ ልጆች የፀጉር ማሽን ገዝተው አንዱ ሌላውን ይላጫል። ሰሞኑን ወንበሩን ሸጬ አገሬ ልግባ እያልኩ ነበር።

ከሰላት በኋላ ደንበኛዬ ከድር ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ገባ። ሲያወልቀው ማጅራቱ ላይ ማሽኑ መንገድ አውጥቶበታል። የክፍል ጓደኛው ነው የላጨው። ነገ ጁምዓ ደግሞ አገር ቤት ካለችው እጮኛው ጋር ኒካሁ፣ ጋብቻው፣ በስልክ ይታሰርለታል።

«ታዲያ በስልክ ማጅራትህን ማን ያየዋል?» አልኩት እየሳቅሁ።

«ወላሂ ወንድሜ፣ እሷን አታውቃትም! እስቲ ዙር ትለኛለች።»

መንገዱ እስኪጠፋ ዙሪያውን ዝቅ አደረግሁለት። ሙሽራ መሰለ። ሊወጣ ሲል የክፍላቸውን ማሽን ከኪሱ አወጣ።

«ፀጉር ይነጫል፤ እባክህ እየው» አለኝ እያፈረ።

ገበያዬን የወሰደብኝን ማሽን! ተናደድኩ። ግን ከፈትኩት፤ ጠርጌ ዘይት ጠብ አደረግሁለት።

«የፊት የፊቱን እናንተ ላጩ፤ ማጅራቱን ግን ለኔ ተዉልኝ።»

«ኸላስ! ተስማምተናል!» ብሎኝ ሄደ።

ልዘጋ ስል ያ ከድርን የላጨው ጓደኛው በሩ ላይ ቆሟል። እሱም ኮፍያ ደፍቷል።

ወንበሩን ለጊዜው አልሸጥም።