ከሳጥኑ ሥር የነበረው ነጭ ጋቢ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የእህሉ ጎታ በበሩ አልወጣም። ለካ ድሮውንም እዚያው ቤት ውስጥ ነው የተሠራው። ወንድሜ መልካሙ በመጥረቢያ ፈረካከሰው፤ እኔም ቆሜ አየሁ።

እማ የለችም። ጉና ሥር እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ቤቱ እንዲሸጥ፣ እኔና እሷም ባለ ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም እንድንገባ ተስማምታለች። ዕቃውን ግን “ሐሙስ ስመጣ አብረን እንለየዋለን” ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። ከዚያ መኪናውን ለረቡዕ ተከራየሁ። እሷ ካለች አንዲት ማሰሮ እንኳ ከቤት እንደማትወጣ አውቃለሁ፤ ሳትመጣ ልጨርስ ብዬ ነው። ይህን ስጽፈው አስቀያሚ ሆነብኝ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ወለሉን በጠመኔ ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ይሄዳል፣ ይሰጣል፣ ይጣላል። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሌላ ምን ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የተሰጠ፦ ሁለት ጋን፣ የጠፍር አልጋ፣ ቡሃቃ፣ አምስት በርጩማ፣ ትልቁ ሞሰብ።

የሚጣል፦ የተሰነጠቀ ማሰሮ፣ ያረጀ ኮርቻ፣ እንዝርት፣ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር።

የአባቴ የእንጨት ሳጥን አዲሱ ቤት ስለማይገባ አራገፍኩት። ከሥሩ አንድ ነጭ ጋቢ ወጣ። አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም፤ በክር ታስሮ ደረቅ አሪቲ ተደርጎበታል። እማ እንዲህ ናት፤ አዲሱን ትደብቅና አሮጌውን ትለብሳለች። ተናደድኩ። ፊት ለፊታችን ያለችው ትርንጎ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችው፣ ወንድ ልጅ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው። ቤቷ ብርድ ነው። ጋቢውን ይዤ ሄድኩና “ለልጁ” አልኳት። አለቀሰች። የሳምንቱ ደግ ሥራዬ ይኼ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ገባን። ማለቴ ገባሁ። ወገቤ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

እማ ከመናኸሪያ በባጃጅ መጣች። ሁለቱን ክፍል ቀስ ብላ ዞረች። “ደኅና ነው፤ ፀሐይ ይገባዋል” አለች። ስለ ጎታው አልጠየቀችም። ስለ ጋኖቹም አልጠየቀችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እራት ከበላን በኋላ ነው የጠየቀችኝ።

“ከሳጥኑ ሥር የነበረው ጋቢስ?”

“የቱ?”

“መገነዣዬ።”

አባቴ በሞተ ዓመት ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ሠርቶላት፣ ጠበል አስረጭታ ነው ያስቀመጠችው። “በዚያ ቀን ልጆቼ ጨርቅ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እንዳይንከራተቱ ብዬ ነው። በገዛ ፈትሌ መሄድ እፈልጋለሁ” አለችኝ፤ ለመንገድ ስንቅ እንደቋጠረ ሰው ረጋ ብላ። አንድም ቀን አልነገረችኝም። እኔስ መቼ ጠየቅኳት?

“መልካሙ ቤት ነው፤ ከማዳበሪያዎቹ ጋር” አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

“እንግዲያ ነገ አምጪልኝ።”

እሺ አልኳት። በዚህ ሳምንት ሁለተኛው እሺ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ትርንጎ ዘንድ ሄድኩ። ጋቢው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። “ሸናበት እኮ! እሱን ካልጠቀለልኩት አይተኛልኝም” ብላ ሳቀች።

ምን ልበላት? ልጅሽ የተኛው በእናቴ መገነዣ ነው ልበላት? አራስ ናት፤ ያንን ከሰማች የልጇን ትንፋሽ ስታዳምጥ ነው የምትከርመው። የሰጠችኝን አጥሚት ጠጥቼ ወጣሁ።

ለእማ መልካሙ ቤቱን ቆልፎ ወጥቷል አልኳት። ለእሱም ደውዬ እንዳያጋልጠኝ ለመንኩት። “የራስሽን ውሸት ራስሽ ተሸከሚው” አለኝ። ልክ ነው፤ ግን ጎታውን በመጥረቢያ የመታሁት እኔ ነኝ እንዴ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ከገበያ አንበሳ የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁ። ለትርንጎ የምነግራትንም መንገድ ላይ ተለማመድኩት፦ ጋቢው የአክስቴ አደራ ነው፣ ተሳስቼ ነው፣ በዚህ ልለውጥሽ።

የትርንጎን በር ከፍቼ ስገባ እማ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ልጁ ጭኗ ላይ ነው፤ በጋቢው ተጠቅልሏል። ከአጠገቧ ቅቤ የያዘ ጣሳ አለ። እናቴ የጎረቤት አራስ ሳትጠይቅ እንደማትቀር እንዴት ረሳሁ!

የጋቢውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ እያሸች ነበር። የራሷን ፈትል ታውቀዋለች። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ወደ ልጁ አጎነበሰች።

“እማማ ይመኙሻል፣ ልጅዎ እኮ ናት ያለበሰችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ” አለች ትርንጎ።

“ያሳድግልሽ” አለች እማ። “እኔ ነኝ የፈተልኩት፤ ይሞቀዋል።”

ብርድ ልብሱን እዚያው ጥዬው ወጣሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እማም ተከተለችኝ፤ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድን።

“መስጠትሽስ ይሁን” አለችኝ እዚያ ስንደርስ። “ፊቴን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ። ሳልመጣ መጨረስሽም ሆን ብለሽ ነው?”

“አዎ” አልኳት።

“ለትርንጎ እንዳትነግሪያት። ትደነግጣለች።” ጥቂት ሄደችና ቆመች። “እንዝርቴስ?”

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ አሮጌው ቤት ሮጥኩ። “ይጣላል” ያልኩት ማዳበሪያ አጥሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። ገዢው ገና አልገባም፤ ዕድሌ ነው። ማዳበሪያው ውስጥ ካለው የጎታ ስብርባሪ ሥር እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ፈለግኩ። ኮርቻው፣ ጓጉንቸሩ፣ ማሰሮው። እንዝርቱ ከሁሉም በታች ነበር፤ አልተሰበረም። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ በሕይወት እያለች ዕቃዋን እንደ ሟች ዕቃ ነው የበተንኩት።

እማ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። “ዛሬ ሰንበት ነው፤ አልነካውም” ብላ ትራሷ ሥር አደረገችው።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የዓመት ፈቃዴ አለቀ፤ ሥራ ገባሁ። ስመለስ ጥጥ ገዛሁ። ለአንድ ጋቢ ከሚበቃው በላይ ነው የገዛሁት፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልተናገርኩም። ቴሌቪዥን አስቀምጥበታለሁ ያልኩት ጥግ በጥጥ ተያዘ።

እማ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ተቀምጣ አዲሱን መገነዣዋን መፍተል ጀመረች። ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም። ክሩ ይበጠስባታል፣ ትቀጥለዋለች፣ ደግሞ ይበጠሳል። ጎንበስ ብዬ የጥጡን ፍሬ እለቅምላታለሁ። ከሐሙስ ወዲህ አጠገቧ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

“ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል እማ?” አልኳት።

እንዝርቱን አቆመችና አየችኝ።

“ቸኮልሽ?”

“አልቸኮልኩም” አልኳት። ይኼኛው እውነት ነው።